ኤዶ የተቀመጡበት ድንጋይ

ጅጅጋ ስልክ ቤት በኦፕሬተርነት ስመደብ ወዳጅ ዘመዱ ሁሉ «ታድለሽ፣ ጨዋታ አይጠፋሽም» ብሎ ሸኘኝ። ጨዋታውስ አልጠፋም፤ የእኔ አልነበረም እንጂ። ቀኑን ሙሉ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ደፍቼ ነጋዴውን ከድሬዳዋ፣ መቶ አለቃውን ከሐረር፣ አስተማሪውን አዲስ አበባ ካለች እጮኛው ጋር ሳገናኝ እውላለሁ። ሁለቱ «ሃሎ» ከተባባሉ በኋላ እኔ አላስፈልግም። እናቴ ያለችበት የጎጃም ገጠር ስልክ የሚባል ነገር ስላልደረሰው ለእኔ የሚደውል አልነበረም። አንዳንድ ቀን ከሥራ ስወጣ፣ ከጠዋት ጀምሮ በራሴ ጉዳይ አንድ ቃል እንዳልተነፈስኩ ትዝ ይለኝና በነፋሱም፣ በአቧራውም፣ እዚያ በመደበኝ ሰውዬም ላይ እናደዳለሁ። ብቸኝነት ሰው በሞላበት ቦታ ነው የሚብሰው።

የተከራየሁት ክፍል እማማ የምላቸው አሮጊት ግቢ ውስጥ ነበር። አባታቸው ከጥንቶቹ ወታደሮች ጋር መጥተው እዚያው የቀሩ ሰው ናቸው። እማማም የተወለዱት፣ የተዳሩት፣ ባላቸውን የቀበሩት ጅጅጋ ነው። ልጅ አልወለዱም። እኔ ስደርስ ሁለቱም ዐይናቸው በሞራ ተሸፍኖ ብርሃንና ጥላ ብቻ ነበር የሚለዩት። ክፍላቸው ውስጥ አልጋቸውና ነጠላ የለበሰች አሮጌ የስፌት መኪና ነበሩ። ጠዋት ሲነሱ መጀመሪያ የሚዳብሱት እሷን ነው።

«ከጦርነቱ የተረፈችልኝ እሷ ብቻ ናት» ይሉኝ ነበር።

ጦርነቱ የሚሉት የሶማሊያ ጦር ጅጅጋን የያዘበትን ጊዜ ነው። እማማ ያኔ በጭነት መኪና ወደ ሐረር ሸሹ፤ ከተማው ሲለቀቅ ተመለሱ። ቤቱ ባዶ ነበር። «ልጅቷም ከድታኝ ሄደች» ይላሉ፣ ሁልጊዜ በዚያው ቃል። ልጅቷ ማን እንደሆነች ስጠይቃቸው «እናቷ የአባቴ ባሪያ ነበረች» አሉኝ፣ የግቢውን ስፋት የሚነግሩኝ ያህል ቀለል አድርገው። ባርነት በዐዋጅ ከቀረ በኋላም እናትየው መሄጃ አልነበራትምና እዚያው ቀረች፤ ልጇም ማድ ቤት ውስጥ አደገች፤ ከእማማ በዕድሜ ትንሽ ታንሳለች። ውሃ ቀዳች፣ እንጨት ለቀመች፣ እማማ ሲዳሩ ጓዛቸውን ተሸከመች፣ ባላቸው ሲሞት አብራ አለቀሰች። ጠጉሯ ሸብቶም «ልጅቷ» ነበረች። የማርያም ማኅበር ቤታቸው ሲውል ጠላ የምትጠምቀውም የምትቀዳውም እሷ ናት፤ ጽዋው ግን እሷ ዘንድ ደርሶ አያውቅም።

ይህን ሁሉ በወሬ ነበር የማውቀው፤ የሐርጌሳ ሰው ከጦርነት ሸሽቶ ድንበሩን አቋርጦ ሐርተሼክ ሜዳ ላይ እስከ ፈሰሰበት ዓመት ድረስ። ያን ጊዜ ውሃ የጫኑ ቦቴዎች ወደዚያ ሲመላለሱ ከተማው በአቧራ ታፈነ፤ እኛም ስልክ ቤት ሥራ በዛብን። አንድ ከሰዓት በኋላ ከሥራ ስመለስ ዲራ የሚባለውን ሰፊ የሶማሌ ቀሚስ የለበሱ፣ ጋርባሳር በሚሉት ሻርፕ የተከናነቡ፣ ፔርሙስ የያዙ ሴትዮ በር ላይ ቆመው አገኘሁ። ወተት ሊሸጡ የመጡ መስሎኝ አንፈልግም ልል ስል፣ በጥሩ አማርኛ «እትዬ አሉ?» አሉኝ። መልስ ሳልሰጥ የጎረቤት ሶማሌ ሴቶች ከየቤታቸው እየወጡ «ኤዶ! ኤዶ!» እያሉ አቀፏቸው፤ የሚያለቅሱም ነበሩ። ኤዶ ማለት በእነሱ አክስት ማለት ነው። እኔም ከዚያን ቀን ጀምሮ ኤዶ አልኳቸው።

እማማ ከክፍላቸው ሆነው የ«ልጅቷን» ድምፅ ለይተዋል። «ምን ልትወስድ መጣች? በያት» አሉኝ።

ኤዶ ትከሻዬ አጠገብ ቆመው ቃል በቃል ሰሙት። ግን ወደ እኔ ዞረው «ማረፊያ ፈልጌ ነው በያቸው» አሉ።

እንዲያ ተጀመረ። ኤዶ የድሮ ማድ ቤታቸውን ጠርገው ገቡ። ማንም ሳያዛቸው ያበስላሉ፣ ያጥባሉ፣ ውሃ ይቀዳሉ፤ እማማን ግን አያናግሩም፤ እማማም እሳቸውን። የሚነጋገሩት በእኔ በኩል ነበር። «ሻዩ ቀዝቅዟል በያት» ይላሉ እማማ። «ሲሞቅ ማን አትጠጡ አላቸው በያቸው» ይላሉ ኤዶ። ግድግዳው ስስ ነው፤ ሁለቱም ዋናውን ሰምተውታል። እኔ ግን መሐል ቆሜ ጥቂት እያለዘብኩ «በሚቀጥለው ትኩሱን አመጣለሁ ብለዋል» እላለሁ። ትዕግሥት ከእናቴም ከአባቴም አልወረስኩም። አንድ ቀን ድካሙም ብሶቱም ተደራርቦ፣ «ስልክ ቤት መዋሌ አይበቃኝም? አንድ ግቢ ውስጥ ላላችሁ ሰዎች ደግሞ መስመር ልሁን?» ብዬ ጮህኩባቸው። ቆይቶ ከወዲያ ማዶ ኤዶ፣ «ተቆጥታለች፣ እራቷን ትብላ በያት በሏቸው» ብለው አሳቁኝ፤ ለማን እንደሚናገሩ ለራሳቸውም ጠፍቷቸው ነበር። ከእማማም ክፍል ትንሽ ሳቅ የሰማሁ መሰለኝ። እውነቱን ልናገርና፣ ከዚያ በኋላ መላላኩ ደስ ይለኝ ጀመር። ቢያንስ እኔ ሳልኖር የማይሆን ነገር ተገኘ።

ክረምቱ ሲወጣ እማማ ታመሙ። እግራቸው አበጠ፣ ትንፋሻቸው አጠረ። የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ቆርበው መሞት። የነፍስ አባታቸው መጡ፤ ከነፋስ ጋር ግብ ግብ የገጠሙ የሚመስሉ ቀጭን፣ ደግ ቄስ ናቸው። አብሮ ከሚኖር ሰው ጋር ተኳርፎ ሥጋ ወደሙን መቀበል እንደማይቻል ነገሯቸው።

«እኔ እኮ ተበዳይ ነኝ አባ» አሉ እማማ። «ከመጣችና ካጎነበሰች ይቅር እላታለሁ።»

ቄሱ ደስ ብሏቸው ከሐዋርያው መልእክቶች ሁሉ አጭር የሆነውን ታሪክ ያጫውቱን ጀመር። ሐዋርያው ታስሮ ሳለ ከጌታው ቤት የጠፋ አንድ ባሪያ እሱ ዘንድ ይደርሳል። ያስተምረዋል፣ ያጠምቀዋል፣ እንደ ልጁ ይወደዋል። ጌታውም ክርስቲያን ነበርና ሐዋርያው መልእክት ጽፎ፣ መልእክቱን ለዚያው ለጠፋው ሰው አስይዞ ይመልሰዋል፤ ባሪያ አድርጎ ሳይሆን ወንድም አድርጎ እንዲቀበለው ጌታውን ይለምነዋል። በዚያን ዘመን፣ አሉ ቄሱ፣ ጌታና ባሪያ ከአንድ ጽዋ ሲቀበሉ አረማውያኑ ይገረሙባቸው ነበር።

«ታዲያ ለምን ነፃ አውጣው አላለውም?» አልኩ፤ አፌ አያርፍም።

«ወንድምህ ነው ካለው በኋላ ምን ቀረው ልጄ? ወንድሙን ባሪያ አድርጎ የሚያኖር ቢገኝ ጥፋቱ ከመልእክቱ አይደለም።»

መልሱን ወደድኩት። ነገር ግን የሥራዬ ልማድ ሆኖ አንድ ነገር ከነከነኝ። ሐዋርያው ተናገረ፤ ጌታው ተነገረው። ጉዳዩ የእሱ የሆነው ሰው ግን መልእክቱን ይዞ ያን ሁሉ መንገድ ሲመጣ ምን ይል እንደነበር የጠየቀው የለም። እሱን መስመሩ ላይ ያስገባው አልነበረም።

ነገሩ በዚያው ተቆረጠ። የወሩ ማኅበር በእማማ ቤት ይውላል፤ ኤዶ ደንቡ እንደሚያዘው ድንጋይ ማጅራታቸው ላይ ተሸክመው በሽማግሌ ፊት ያጎነብሳሉ፤ እማማ ድንጋዩን አንስተው ይቅር ይላሉ፤ እሑድ ይቆርባሉ። ይህን ለኤዶ የማድረስ ሥራ የማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

ኤዶ ማድ ቤት ደጃፍ ዕቃ ሲያጥቡ አገኘኋቸው። ታሪኩን ከነሐዋርያው ነገርኳቸው። እጃቸውን ከውሃው ሳያወጡ እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

«ያ ሰውዬ ጠፍቶ ነው አልሽኝ?»

«አዎ።»

«እኔ አልጠፋሁም» አሉ ኤዶ። «ያኔ ወደ ሐረር የሚሄደው ካሚዮን እዚህ በር ላይ ቆመ። ሾፌሩ አንድ ሰው ይጨመር፣ ቶሎ በሉ አለ። እኔ ነጠላዬን ላመጣ ገባሁ። ስወጣ እትዬ የስፌት መኪናቸውን አስጭነዋል። ቤት ጠብቂ አሉኝ። ጠበቅኩ። ቤቱ ሲመታ ጠበቅኩ፣ ዱቄቱ ሲያልቅ ጠበቅኩ። በኋላ ሶማሌ ጎረቤቶቹ ብቻሽን ትሞቻለሽ ብለው እየጎተቱ ሐርጌሳ ይዘውኝ ሄዱ። ወላሂ፣ በሩን ሳልዘጋ አልወጣሁም።»

«ታዲያ ለምን ተመለሱ?» አልኩ።

«ሐርጌሳ ሲፈርስ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሄደ። እኔ ሌላ ቤት የት አለኝ?» አሉና ድስቱን ደፉት። «ይህንን አታድርሺ። እሳቸው ያውቁታል።»

የማኅበሩ ቀን ግቢው ሞላ። የቀበሌው ካድሬ እንዲህ ያለውን ቀን እያየ እንዳላየ ያልፍ ስለነበር በሩ ገርበብ ብሎ ነው የዋለው። ኤዶ ጠላውንም ዳቦውንም አዘጋጅተዋል፤ ውሃው ከየት እንደተገኘ እሳቸውና አህያ ነጂው ያውቃሉ። የማኅበሩ መሪ፣ በማኅበር ልማድ ሙሴ የሚባሉት ሽማግሌ፣ ድንጋዩን ራሳቸው ፈልገው አመጡ። ለስላሳና ቀላል የሆነውን መርጠው፣ አቧራውን በካፖርታቸው ጠርገው፣ ደጃፉ ላይ አኖሩት። «ዕድሜዋን አይተን ነው» አሉኝ፤ ከልባቸው አዝነው። አንዲት ሴት ኤዶ ማተብ አለማሰራቸውን አይታ «በጥሳው ነው?» ብላ ጠየቀች። ኤዶም «አለቀ፤ ክር አይደል እንዴ?» ብለው ጠላዋን ሞሉላት።

መብሉ ሲነሣ ሙሴው ጉሮሯቸውን ጠርገው ኤዶን በእጃቸው ወደ ደጃፉ አመለከቱ። ኤዶ እንስራውን አስቀመጡ። ሄዱና ድንጋዩን አዩት። ጠፍጣፋው ጎን ወደ ላይ እንዲሆን በእግራቸው ገለበጡት። ከዚያ ጋርባሳራቸውን ሰብስበው ተቀመጡበት።

«መቀመጫ ስላመጣችሁልኝ እግዜር ይስጥልኝ» አሉ። «ዛሬ ብዙ ቆሜያለሁ።»

ቤቱ ተንጫጫ። አንዱ «ድሮም እኮ ባሪያ» ብሎ ሲጀምር ቄሱ በመስቀላቸው ምልክት ዝም አሰኙት። እማማ አልጋቸው ላይ ደገፍ ብለው ጆሯቸውን አቅንተዋል።

«ምን ሆነች?»

«ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ» አልኳቸው። ያን ቀን የማለዘብ አቅም አልነበረኝም።

ቄሱ የሐዋርያውን ነገር እንደገና ሊጀምሩ አፋቸውን ሲከፍቱ እማማ እጃቸውን አነሡ። «ይተዉት አባ። እሱ ጠፍቶ ነው» አሉ። ከዚያ «ልጄ፣ አንሺኝ» አሉኝ።

ደግፌ አነሳኋቸው። ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ስናልፍ እጃቸው የስፌት መኪናዋን ነካ፤ እንደ ወትሮው አልዳበሷትም። ደጃፉ ላይ ስንደርስ ኤዶ ከእግራቸው ሥር እንደተቀመጡ እንዲያውቁ የእማማን እጅ ኤዶ ትከሻ ላይ አደረግኩት። ኤዶ ወደ መንገዱ እያዩ ነበር።

«ካሚዮኑ ላይ ቦታ ነበር» አሉ እማማ። ድምፃቸው ከፍ ያለ ነበር፤ ማኅበርተኛው ሁሉ እንዲሰማ ፈልገዋል። «ሾፌሩ አንድ ሰው ይጨመር ብሎኛል። እኔ ዕቃዬን ጫንኩ። ከዳችኝ እያልኩ ስናገር የኖርኩት ውሸት ነው። ጥያት የሄድኩ እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ።»

እንዲህ በቀጥታ ሲያናግሯቸው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ሊንበረከኩ ሲሉ ሙሉ ለሙሉ ተደገፉብኝ። ማኅበርተኛው «ይቅር ለእግዚአብሔር» የሚለውን ቃል ይጠብቃል፤ ሰው ይቅርታ ሲጠየቅ ሌላ መልስ የለም። ኤዶ ግን ቀና ብለው እኔን አዩኝ።

«ሰምቻለሁ በያቸው» አሉ።

እኔም «ሰምተዋል» አልኩ። ኤዶ የእማማን ክብደት ብቻዬን እንዳልቻልኩት አይተው ተነሡ። «ይቀመጡ በያቸው፤ ሊወድቁ ነው» ብለው ራሳቸው ብብታቸው ሥር ገብተው ደግፈው፣ ድንጋዩ ላይ አስቀመጧቸው። እማማም እዚያ በደጃፋቸው፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ለሌላ ሰው በመጣ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ቄሱ ጽዋውን ባርከው አመጡላቸው። እማማ ቀመሱና ጽዋውን ወደ ጥላው፣ ኤዶ ወደ ቆሙበት ዘረጉት። ኤዶ ተቀብለው ጠጡ። ከሰው መካከል ያጉረመረመ ነበር፤ ማን እንደሆነ ባውቅም ልተወው።

«የሚጠየቀው ተጠይቋል፤ መልሱ የእሷ ነው፤ እኔ ልቀማት አልችልም» ብለው ቄሱ እሑድ እማማን አቆረቧቸው። በቃሬዛ ሄደው በቃሬዛ ተመለሱ። የፈለጉትን አገኙ ብዬ ነበር፤ ለካ ከዚያ በኋላ የሚፈልጉት ሌላ ሆኗል። ከሥራ ስመለስ በር ስከፍት ድምፄን ለይተው ይጠይቁኛል።

«ምን አለች?»

«ምንም አላሉም።»

«ሃዬ» ይላሉ ከሶማሌ ጎረቤቶቻቸው በለመዱት ቃል፤ እሺ እንደ ማለት ነው። ፊታቸውንም ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። ኤዶ እግራቸውን ያጥባሉ፣ ያገላብጧቸዋል፣ ሻይ በማንኪያ ያጠጧቸዋል፤ እጃቸው የዋህ ነው። አፋቸው ግን እንደተዘጋ ነው። እኔ የማደርሰው ነገር እያነሰ ሄደ፤ ቤቱ ፀጥ አለ፤ ያ ፀጥታ ከስልክ ቤቱ ጫጫታ ይልቅ ብቻዬን አደረገኝ።

አንድ ቀን አልቻልኩም። ማድ ቤት ገብቼ «አንድ ቃል እኮ ናት ኤዶ። እየጠበቁ ነው። ለምን አይሏቸውም?» አልኩ።

አልተቆጡም። ፔርሙሳቸውን እየወለወሉ አሰቡ። «ዕድሜዬን በሙሉ ያልሰጠኋቸው ነገር እሷ ብቻ ናት» አሉ። «ጉልበቴን ሰጥቻለሁ። ልጅነቴን ሰጥቻለሁ። ይቺን እንኳ ትንሽ ልያዛት፤ እሰጣቸዋለሁ።»

ይህን ለእማማ አላደረስኩም። እንዴት ብዬ አለዝበዋለሁ?

እማማ ያረፉት ሥራ ላይ ሳለሁ ነው። የሁለት ሰዎችን መስመር ላገናኝ ስል የጎረቤት ሴት በመስኮቱ በእጇ ጠራችኝ፤ ፊቷን አይቼ ገባኝ። ስደርስ ኤዶ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው የእማማን እግር በጭናቸው ላይ ይዘው ነበር፤ መታጠቢያው ውሃ ገና አልቀዘቀዘም። እያጠቡ ሳለ ነው ያመለጧቸው። በቀብሩ ቀን ማኅበርተኛው ማንን «እግዚአብሔር ያጽናሽ» እንደሚል ግራ ገብቶት ቆየና ሙሴው መጀመሪያ ሄደው ኤዶ ፊት አጎነበሱ። ሌላው ተከተላቸው። ኤዶ ለሁሉም ራሳቸውን ነቅነቅ አደረጉ፤ አላለቀሱም።

ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ ባለው ሰኞ ከሥራ ተመለስኩ። ነፋሱ አቧራውን ግቢው ውስጥ ያሽከረክራል። በሩን ስከፍት ከልማድ ወደ እማማ ክፍል ዞርኩ፤ የሚጠይቀኝ የለም። ኤዶ ደጃፉ ላይ፣ ያ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ሰላም አልኳቸው። ቆይተው፣ ወደ መንገዱ እንዳዩ፣ «በያቸው» አሉኝ።

«ምን ልበላቸው?»

«ይቅር ለእግዚአብሔር።»

ቀልድ አልነበረም። እብደትም አልነበረም፤ ድምፃቸው ሻይ ፈልቷል የሚሉበት ድምፅ ነው። ቦርሳዬን መሬት አኖርኩና ወደ ክፍሉ ገባሁ። አልጋው ተፈትቶ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። የስፌት መኪናዋ ነጠላዋን እንደለበሰች ቆማለች። መሐል ላይ ቆሜ ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«እማማ፣ ኤዶ ይቅር ለእግዚአብሔር ብለዋል» አልኩ፤ ጮክ ብዬ፣ ምንም ሳላለዝብ።

ከውጭ በኩል ኤዶ፣ በቀስታ፣ «ምን አሉ?» ሲሉ ሰማኋቸው።

እዚያው እንደቆምኩ እንባዬን ጠረግሁ።

«ሰምተዋል» አልኳቸው።